የኮሶ ሻጭዋ ልጅ

ልጆች ሆይ፤ ኮሶ በደጋ አገር የሚበቅል ዛፍ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። አበባው ተበጥብጦ ሲጠጣ እጅግ ይመራል፤ ነገር ግን የሆድ ትል ያወጣል። የሰነፍ ሰው ቃልም እንደ ኮሶ መራራ ነው፤ ነገር ግን ማንንም አያድንም። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ ስለ ሰነፍ አፍና ስለ ክፉ ሥራ ፍጻሜ ብዙ አስተምሯል። ይህም ትምህርት እውነት መሆኑን በዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት እናያለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. በቋራ ተወለዱ። የልጅነታቸው ስም ካሣ ነበረ። የካሣ አባት ኃይለ ጊዮርጊስ በሞተ ጊዜ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸገሩ፤ በጎንደርም ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ ይባላል። ይህ ሥራ ነውር አልነበረም፤ ልጅን በድካም ማሳደግ ክብር ነውና። ካሣም በገዳም ገብቶ ፊደል ቈጠረ፥ ዳዊት ደገመ።

ካሣ ባደገ ጊዜ ብርቱ ጦረኛ ሆነ፤ የራስ ዓሊንም ልጅ ተዋበችን አገባ። ነገር ግን በጎንደር ቤተ መንግሥት የነበሩ መኳንንት ይንቁት ነበር። ካሣም በንቀታቸው ተቈጥቶ ሸፈተ። በዚያን ጊዜ ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባል ሰው በራስ ዓሊ እናት በእቴጌ መነን ፊት ቆሞ፥ የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዞ እንደሚያመጣ ፎከረ። የሰሙትም ሁሉ ሳቁ።

ጦርነት በሆነ ጊዜ ግን ፎካሪው ተሸነፈና ተማረከ። ካሣም ኮሶ አስበጥብጦ እንዳጠጣው ይተረካል። ወንድይራድ በእናት ድካም የተሣለቀበትን ያንን መራራ ነገር በገዛ አፉ ጠጣ። ከዚህም በኋላ በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነን ራሳቸው በካሣ እጅ ተማረኩ። እነሆ፥ ምላስ የዘራችውን አፍ አጨደ።

ካሣም ባላጋራዎቹን ሁሉ ድል ነሥቶ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። የተከፋፈለችውን ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ ደከሙ። በ1848 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ መንዝና ግሼ መርሐ ቤቴም ያሉባት ሸዋ በእጃቸው ገባች። የሸዋውን ንጉሥ የኃይለ መለኮትን ልጅ ምኒልክን ማረኩ። ምኒልክ ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበረ። ንጉሡም አልጨከኑበትም፤ እንደ ልጃቸው አሳደጉት፥ በኋላም ልጃቸውን ዳሩለት። ይህ መልካም ሥራቸው እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል።

ነገር ግን በ1850 ዓ.ም. ደግ መካሪ የነበረችው ባለቤታቸው ተዋበች ሞተች፤ ከዚያም በኋላ ቍጣቸው እየበረታ ሄደ። በሸዋ የተማረኩትን የብዙ ሰዎች እጅና እግር አስቈረጡ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ በወሎ በኩል ወደ ሸዋ በተመለሰ ጊዜ፥ ንጉሡ ተቈጥተው በመቅደላ የታሰሩትን የወሎ ሰዎች አስገደሉ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደርን አቃጠሉ። በንቀት የተጐዳው ልጅ የሌሎችን ሕመም ረሳ።

ክፉ ሥራም ያለ ፍሬ አይቀርም። ሕዝቡ ከንጉሡ ሸሸ፤ ያ ብዙ ሠራዊት እንደ ማለዳ ጉም ተበተነ። ስለ ታሰሩ ሰዎቻቸው የመጡት የእንግሊዝ ወታደሮች መቅደላ በደረሱ ጊዜ፥ ከንጉሡ ጋር የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስም በፋሲካ ማግሥት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ ለጠላት እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ። ጀግንነታቸውን ሁሉም ያደንቃል፤ ቍጣቸው ግን የደከሙለትን ሥራ አፈረሰባቸው።

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ በሰው እናትና በሰው ድህነት መሣለቅ እንደማይገባ ነው። በመንዝ ብርድ ተቀምጣ የበግ ጠጕር የምትፈትል እናት፥ በመርሐ ቤቴ ቈላ እንጨት የምትለቅም እናት ክብርት ናት። ጓደኛችሁ የተቀደደ ልብስ ለብሶ ወደ ትምህርት ቤት ቢመጣ አትሣቁበት፤ ነገ ምን እንደሚሆን እናንተ አታውቁምና። ሁለተኛውም፥ የተናቀ ሰው ኀይል ባገኘ ጊዜ በቀልን መተው እንዳለበት ነው። ሰው ቢሰድባችሁ ስድቡን አትመልሱለት፤ መራራውን ጽዋ ተቀብላችሁ ለሌላው አታቀብሉ። ወንድይራድን ያጠፋው ምላሱ ነው፤ ንጉሡን ያጠፋቸው ቍጣቸው ነው። እንግዲህ ምላሳችሁንም ቍጣችሁንም ከልጅነታችሁ ጀምራችሁ ጠብቁ።