የካህኑ የማትያስ ልጅ ዮሴፍ ሕይወትና ስለ ጌታችን የጻፈው ቃል

ዜና አይሁድ የሚባለውን የግእዝ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የሚለውን ስም ያውቀዋል። ነገር ግን የኢየሩሳሌምን ጥፋት በዐይኑ አይቶ የጻፈው የታሪክ ሰው ዮሴፍ ወልደ ማትያስ ነው እንጂ ወልደ ኮርዮን አይደለም። የኮርዮን ልጅ ዮሴፍ፥ ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ከተማይቱን እንዲያስተዳድሩ ከተሾሙት አንዱ የነበረ፥ ሌላ ሰው ነው። ዜና አይሁድም በ10ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ኢጣልያ በዕብራይስጥ ተጽፎ፥ ወደ ዐረብኛ፥ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው፤ የሁለቱ ሰዎች ስም በዚያ ተቀላቅሎ ቀረ። ጌታችን በሥጋ በምድር ስለ መመላለሱ ከወንጌል ውጭ ምስክር ይገኛልን ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው የማትያስ ልጅ ነውና፥ ሰውየው ማን እንደ ነበረ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ዮሴፍ በ37 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በኢየሩሳሌም ከካህናት ወገን ተወለደ። ከነገሥታት ዘር መሆኑንም ራሱ ጽፏል። በ14 ዓመቱ ሊቃነ ካህናትና የከተማው ታላላቆች የሕግ ነገር ሊጠይቁት ይመጡ እንደ ነበረ ይተርካል፤ ስለ ራሱ ሲናገር ልከኛ ሰው አልነበረም። በ16 ዓመቱ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር እንደሚዞር፥ የፈሪሳውያንን፥ የሰዱቃውያንንና የኤሴያውያንን ትምህርት ሊመረምር ወጣ። ደግሞም በምድረ በዳ ለሚኖር፥ ከዛፍ በተገኘ ልብስና ሳይዘራ በበቀለ ምግብ ለሚተዳደር ባኖስ ለሚባል ባሕታዊ ሦስት ዓመት ደቀ መዝሙር ሆነ። በ19 ዓመቱም ተመልሶ የፈሪሳውያንን ሥርዓት ያዘ።

ዕድሜው 26 ሲሞላ አገረ ገዢው ፊልክስ አስሮ የሰደዳቸውን ካህናት ለማስፈታት ወደ ሮም ተሻገረ። ከ600 ያህል ተሳፋሪ ጋራ መርከቡ ሰጠመ፤ ሌሊቱን ሁሉ ሲዋኙ አድረው የዳኑት 80 ያህል ብቻ ሲሆኑ እርሱ አንዱ ነበረ። በኔሮን ሚስት በጶጵያ አማላጅነት ካህናቱን አስፈትቶ ተመለሰ።

በ66 ዓ.ም. አይሁድ በሮም ላይ በተነሡ ጊዜ በገሊላ የጦር አዛዥ ሆነ። በ67 ዓ.ም. አስባስያኖስ ዮታፓታን 47 ቀን ከቦ ያዛት። ዮሴፍ ከ40 ሰዎች ጋራ በዋሻ ተሸሸገ፤ እጅ ከመስጠት በዕጣ እየተራረዱ መሞትን መረጡ። በመጨረሻ የቀሩት እርሱና አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ዕጣው እንዴት እንደ ወጣለት እግዚአብሔር ያውቃል። ጓደኛውንም አግባብቶ እጁን ሰጠ፤ አስባስያኖስንም ቄሣር ትሆናለህ ብሎ ተነበየለት። ነገሩ በ69 ዓ.ም. ቢፈጸም ሰንሰለቱ ተቈረጠለት።

በ70 ዓ.ም. ከጥጦስ ጋራ ሆኖ በኢየሩሳሌም ቅጥር ዙሪያ እየዞረ ወገኖቹ እጃቸውን እንዲሰጡ ለመነ፤ እነርሱ ግን ከሃዲ ነው ብለው በድንጋይ መቱት። መቅደሱ ሲቃጠል አየ። ከዚያም በኋላ ከብዙ እስረኞች ጋራ የተሰቀሉ ሦስት የሚያውቃቸውን ሰዎች አይቶ፥ እያለቀሰ ጥጦስን ለምኖ አስወረዳቸው፤ ሁለቱ በሐኪም እጅ ሞቱ፥ አንዱ ዳነ። እንግዲህ ይህ ሰው ስቅለት ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው በወሬ አልነበረም።

በሮም ተቀምጦ የቄሣሮቹን የቤት ስም ተቀብሎ ፍላውዮስ ተባለ። የአይሁድን ጦርነት በ7 መጻሕፍት፥ የሕዝቡን ጥንታዊ ታሪክም በ20 መጻሕፍት ጻፈ፤ ይህ ሁለተኛው በድምጥያኖስ ዘመን፥ በ93 ወይም በ94 ዓ.ም. ተፈጸመ። ስለ ጌታችን የተነገረው በዚህ ውስጥ ነው።

በ20ኛው መጽሐፍ በ62 ዓ.ም. የሆነውን ይተርካል። አገረ ገዢው ፊስጦስ ሞቶ ተተኪው ሳይደርስ፥ በወንጌል የሚታወቀው የሐና ልጅ ሊቀ ካህናት ሆኖ ሸንጎ ሰብስቦ ያዕቆብን በድንጋይ እንዲወገር አሳልፎ ሰጠው። ያዕቆብ የሚባል ብዙ ነበረና፥ የትኛው እንደ ሆነ ለማስታወቅ ክርስቶስ የተባለው የኢየሱስ ወንድም ይለዋል። ውዳሴ የለበት፥ ስድብ የለበት፤ ሰው ጎረቤቱን በወንድሙ ስም እንደሚለይ ብቻ ነው። ሊቀ ካህናቱ በዚህ ሥራው ሹመቱን አጣ። ዮሴፍ ያን ጊዜ 25 ዓመት ያህል የሆነው የኢየሩሳሌም ካህን ልጅ ነበረ።

በ18ኛው መጽሐፍ ያለው ቃል ግን ብዙ ክርክር አስነሥቷል። አሁን እንደሚነበበው፥ ኢየሱስ ጠቢብ እንደ ነበረና ጲላጦስ እንደ ሰቀለው ብቻ ሳይሆን፥ ክርስቶስ መሆኑንና በሦስተኛው ቀን መነሣቱንም ይናገራል። ይህን ያመነ ሰው እንዴት እስከ ሞቱ አይሁዳዊ ሆኖ ቀረ? በ3ኛው መቶ ዓመት ኦሪጌንስ ዮሴፍ በክርስቶስነቱ አለማመኑን ጽፏል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን አውሳብዮስ ቃሉን ከነውዳሴው ጠቀሰው። በኅዳግ የተጻፈ ትርጓሜ በገልባጭ እጅ ወደ ንባቡ መግባቱ በብራና ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፤ እዚህም እንዲሁ የሆነ ይመስላል። ሁሉም የተጨመረ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የሚበዙት ግን ውዳሴው ቢወጣ ስለ መምህርነቱ፥ ስለ መሰቀሉና ስለ ተከታዮቹ አለመጥፋት የተነገረው የዮሴፍ ነው ይላሉ። የመንቢጅ ጳጳስ መሕቡብ በ10ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ የጻፈው ታሪክ ይህንኑ ቃል ከውዳሴው ቀነስ አድርጎ ይዞታል፤ በ1971 ዓ.ም. ሊቃውንት ይህን መርምረው ቢያወጡም ክርክሩ አልተዘጋም።

ጨማሪው ጌታውን ያከበረ መስሎት ምስክሩን ጎዳው። ኢየሱስ የሚባል ሰው ከቶ አልነበረም የሚሉ ሰዎች ዛሬም ጣታቸውን የሚጥሉት በዚሁ በተጨመረው ላይ ነው። የያዕቆብን ነገር ግን፥ ጥቂቶች ቢጠራጠሩትም፥ የሚበዙት ሊቃውንት ተቀብለውታል። ደቀ መዝሙር ያልሆነ ሰው ሳያስብበት የጣለው አንድ ቃል፥ በአማኝ እጅ ከተጻፈለት ረጅም ውዳሴ ይልቅ በሸንጎ ይጸናል። ታኪቶስ የተባለው ሮማዊም በ116 ዓ.ም. ገደማ፥ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ መገደሉን በጠላት አንደበት መስክሯል።

ዮሴፍ በ100 ዓ.ም. ገደማ ሞተ። ወገኖቹ ስላልወደዱት መጻሕፍቱን እየገለበጡ ያቆዩለት ክርስቲያኖች ናቸው። በሮም ሐውልት እንደ ቆመለትና መጻሕፍቱ በከተማይቱ ቤተ መጻሕፍት እንደ ተቀመጡ አውሳብዮስ ጽፏል።