ሪቻርድ አርክራይትና የጥጥ መፍተያ መኪና

ከደሴ ጠመዝማዛውን መንገድ ይዘን ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እናገኛለን። እናቶቻችንና አያቶቻችን ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ጀምሮ ጥጡን ዳምጠው፥ በደጋን ነድፈው፥ ከባዘቶው አመልማሎ አውጥተው በእንዝርት ሲፈትሉ ኖረዋል። ይህ የእጅ ሥራ ወደ መኪና እንዲሻገር ካደረጉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሪቻርድ አርክራይት ነውና፥ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አርክራይት በ1732 ፕሬስተን በምትባል ከተማ ከአንድ ድኻ ልብስ ሰፊ ተወለደ። ወላጆቹ ትምህርት ቤት ለማስገባት ዐቅም ስላልነበራቸው ፊደል ያስቈጠረችው የዘመድ ልጅ ናት ይባላል። ካደገ በኋላ ጠጕር አስተካካይ ሆነ፤ ሰው ሠራሽ ጠጕር ለመሥራትም ጠጕር እየገዛ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር። በዚያን ጊዜ ፈታዮች ለሸማኔው የሚበቃ ክር ማቅረብ ተስኗቸው ነበር። በ1767 ጆን ኬይ ከሚባል ሰዓት ሠሪ ጋራ ተገናኘና ሁለቱ አብረው መሥራት ጀመሩ። ሰዓት ሠሪ የጥርሳም መንኰራኵርን ጠባይ ያውቃልና፥ ለዚህ ሥራ የተገባ ባልንጀራ ነበር።

መኪናው የሚሠራው እንዲህ ነው። አመልማሎው በተከታታይ በቆሙ ጥንድ ጥንድ ተሽከርካሪ በትሮች መካከል ያልፋል። የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይልቅ ስለሚፈጥኑ ጥጡን ስበው ያቀጥኑታል፤ ከዚያም እንዝርቱ ያከረዋል። የፍጥነቱን ልክ የሚወስነው የጥርሱ ቍጥር ነው። በትሮቹ እኩል ውፍረት ቢኖራቸው፥ ከፊተኛው በትር ጋራ ያለው ባለ 20 ጥርስ መንኰራኵር ከኋለኛው በትር ጋራ ያለውን ባለ 60 ጥርስ ሲያዞር፥ ፊተኛው 3 ጊዜ ሲዞር ኋለኛው 1 ጊዜ ይዞራል፤ ጥጡም 3 እጥፍ ይረዝማል። ባለ 60ውን አንሥተን ባለ 40 ብንተካ ግን የሚረዝመው 2 እጥፍ ብቻ ነውና ክሩ ይወፍራል። ስለዚህ አንዲት መንኰራኵር ያለ ቦታዋ ብትገባ የክሩ ውፍረት ከታሰበው ይለያል፤ መካኒኩም መኪናውን አቁሞ፥ ጥርሱን ቈጥሮ፥ ሲያበቃ ክሩን መዝኖ ማረጋገጥ አለበት።

አርክራይት ለመፍተያው በ1769 የባለቤትነት መብት አገኘ፤ በ1771ም በክሮምፎርድ በውሃ ኀይል የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ። ከመኪናው የሚወጣው ክር ለድር የሚሆን ጠንካራ ስለ ነበረ ሥራው ሰፋ። ነገር ግን ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ በቀንና በሌሊት ፈረቃም 12 ሰዓት ይሠሩ ነበር። በ1779 እንጀራችንን ነጠቀን ያሉ ሰዎች አንዱን ፋብሪካውን አቃጠሉበት። በ1785 ደግሞ ቶማስ ሃይስ የሚባል ሰው አሳቡ የእኔ ነበር ብሎ ሲመሰክር ጆን ኬይም አብሮ መሰከረበትና፥ ፍርድ ቤቱ መብቱን ሻረበት። ይሁን እንጂ ሀብቱ አልጐደለም፤ በ1786 የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው፤ በ1792ም በ59 ዓመቱ ሞተ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ትጋት የድኻውን ልጅ ከፍ እንደሚያደርገው እናያለን። ነገር ግን የሰዓት ሠሪውን እጅና የሕፃናቱን ድካም የረሳ ምስጋና ሙሉ ምስጋና አይደለም። ከመካከላችን በኮምቦልቻ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገብቶ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ለመማር የሚያስብ ቢኖር፥ የመንኰራኵሩን ጥርስ በትክክል መቍጠር ብቻ ሳይሆን አብሮት የደከመውንም ሰው መቍጠር እንዳይረሳ አደራ እንላለን።