ሩዶልፍ ቫይግል እና የተስቦ ክትባት

በላስታ ደጋ ብርዱ የጸና ስለ ሆነ ሰው ቀን የለበሰውን ጋቢ ሌሊትም ለብሶት ያድራል። የልብስ ቅማልና ተስቦ የሚስማማቸው እንዲህ ያለው አገር ነው፤ ረኀብና ስደት ሰውን ባጨናነቀ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። በ1977 ዓ.ም. በኮረም መጠለያ የነበረውን የወሎ ሕዝብ ከረኀቡ ጋር ተባብሮ የፈጀው አንዱ ደዌ ይኸው ተስቦ ነበር።

ፕሮፌሰር ሩዶልፍ ቫይግል እ.ኤ.አ. በ1883 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በሞራቪያ ተወለዱ። ዘራቸው ጀርመን ቢሆንም በፖላንዳዊ እንጀራ አባት እጅ አድገው ፖላንዳዊ ሆኑ። ሐኪም አልነበሩም፤ በልቮቭ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የሕያዋንን ጥናት ነው። ምናልባት የጠቀማቸውም ይህ ይሆናል።

ሻርል ኒኮል በ1909 ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን አረጋግጠው ነበር። ነገር ግን የበሽታው ተሐዋሲ፣ ሪኬትሲያ፣ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ካልሆነ አይራባም። ቫይግል ቅማሉን ራሱን ማራቢያ አደረጉት፤ በቀጭን የመስተዋት ቧንቧ ተሐዋሲውን በፊንጢጣው በኩል ወደ አንጀቱ አስገቡ። ቅማሎቹን በሰው ደም ቀልበው አንጀታቸውን እያወጡ ክትባት ሠሩ። ክትባቱ በሽታውን ሁልጊዜ ባይከላከልም ያቀልለዋል። እርሳቸውም በሥራው ላይ ሳሉ ታመው ድነዋል።

በ1939 ተስቦን ለማጥናት ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አገራችን በፋሽስት ወረራ ሥር ስለ ነበረች የተጋበዙት በወራሪው መንግሥት ነበር፤ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእርሳቸውም አገር ተወረረ። ጀርመኖች ወገናችን ነህና ተመዝገብ ቢሏቸው እምቢ አሉ። የሒሳብ ሊቁን ስቴፋን ባናኽን ጨምሮ ብዙ ምሁራንን በቅማል መጋቢነት ቀጥረው ከመታሰር አተረፉ፤ ክትባቱም በስውር ወደ አይሁድ ሠፈሮች ይገባ ነበር። ለኖቤል ሽልማት ደጋግመው ቢታጩም ሳያገኙ በ1957 ዐረፉ። እስራኤል ያከበረቻቸው በ2003 ነው።

በቅማሉ አንጀት የታየው ነገር በሰው ደም ሥር ገበርም ይደርሳል። ተሐዋሲው በገበሩ ሕዋስ ውስጥ እስኪፈነዳ ድረስ ይራባል። የተወረረው ሕዋስ ጂኖቹ ተቀስቅሰው ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚጠሩ ፕሮቲኖችን ያመርታል፤ ደም ሥሩ ይቈጣል፣ ፈሳሹም ያፈስሳል። የበሽተኛው ሽፍታና የአእምሮው መደንዘዝ ከዚህ የመጣ ነው። የሪኬትሲያው የዘር መረጃ በ1998 ሙሉ በሙሉ ሲነበብ 834 ፕሮቲን ሠሪ ጂኖች ተቈጠሩበት።

ዛሬ 200 ሚሊግራም ዶክሲሳይክሊን አንድ ጊዜ መስጠት አብዛኛውን በሽተኛ ያድናል። ሆኖም ተሐዋሲው ከዳነ ሰው ገላ ላይጠፋ ይችላል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቅማል ሳይነክሰው ያገረሽበታል፤ ያን ጊዜ ቅማል ካለበት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ላሊበላ ላይ ትኩሳት ይዞት የመጣን ሽማግሌ የምትመረምሩ ባልደረቦች፣ በ1977 የት እንደ ነበረ ጠይቁት።