ሬኔ ላኤኔክ፤ የሳንባን ድምፅ ያዳመጠ ሐኪም

ሐኪም ቤት ሄዶ ከሐኪሙ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን የደረት ማዳመጫ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ይህን መሣሪያ ማን እንደ ፈለሰፈውና በምን ምክንያት እንደ ተፈለሰፈ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የፈረንሳዩን ሐኪም የሬኔ ላኤኔክን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ለአንባብያን ለማቅረብ አስቤአለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላኤኔክ በ1781 ዓ.ም. በፈረንሳይ ምዕራብ፣ በብሪታኝ አውራጃ፣ ካምፔር በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ሞተችበት፤ የገደላትም የሳንባ ነቀርሳ እንደ ነበረ ይነገራል። ከጥቂት ጊዜም በኋላ በናንት ከተማ ሐኪም የነበረው አጎቱ ጊዮም ወስዶ አሳደገው። ዘመኑ የፈረንሳይ አብዮት ዘመን ስለ ነበረ ብላቴናው ብዙ ሥቃይና ብዙ ሞት አየ። የሕክምናን ሥራ በልጅነቱ የለመደውም ከዚሁ አጎቱ ዘንድ ነው።

በ1801 ዓ.ም. ትምህርቱን ለማስፋት ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም የናፖሌዎን ሐኪም የነበረው ዝነኛው ኮርቪዛር አስተማረው። ላኤኔክ ሰውነቱ ቀጭን፣ ጤናውም ደካማ ነበረ፤ ነገር ግን በትጋቱ ከጓደኞቹ በልጦ በ1803 ዓ.ም. በሕክምናና በቀዶ ጥገና ትምህርት የአንደኛነትን ሽልማት ተቀበለ።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች በደረት ውስጥ ያለውን በሽታ ለይተው የሚያውቁበት መንገድ በጣም ጥቂት ነበረ። አንዱ መንገድ አውዌንብሩገር የሚባል የኦስትሪያ ሐኪም በ1761 ዓ.ም. የገለጸው ሲሆን፣ ይኸውም ደረትን በጣት እያንኳኩ ድምፁን መመርመር ነው። ባዶ በርሜልና የሞላ በርሜል ሲመቱ ድምፃቸው እንደሚለያይ፣ አየር ያለበት ሳንባና ውኃ የቋጠረ ደረትም እንዲሁ ይለያያሉ። ሌላው መንገድ ጆሮን በበሽተኛው ደረት ላይ አስጠግቶ ማዳመጥ ነበረ።

ላኤኔክ በ1816 ዓ.ም. በፓሪስ በኔኬር ሆስፒታል ተሾመ። በዚያው ዓመት የልብ ሕመም የነበረባትን አንዲት ወጣት ሴት ሲመረምር ተቸገረ። ሰውነቷ ወፍራም ስለ ነበረ ማንኳኳቱ አልረዳውም፤ ጆሮውን በደረቷ ላይ ማስጠጋት ደግሞ ለሴት ልጅ ክብር የሚገባ ሆኖ አልታየውም። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ የረጅም እንጨትን አንዱን ጫፍ በመርፌ ሲጭሩት፣ ጆሮውን በሌላው ጫፍ ላይ ያደረገ ሰው ድምፁን አጥርቶ ይሰማል። ወዲያው ወረቀት አጥብቆ ጠቀለለና አንዱን ጫፍ በበሽተኛይቱ ደረት ላይ፣ ሌላውን በጆሮው ላይ አደረገ። የልቧንም ምት ከዚያ በፊት በባዶ ጆሮ ከሰማው ሁሉ ይልቅ አጥርቶ ሰማ።

ላኤኔክ እጀ ብልህ ስለ ነበረ ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ከእንጨት ሠራው። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን መካከሉ ክፍት ነበረ። ስሙንም ከግሪክ ቋንቋ አውጥቶ ስቴቶስኮፕ አለው፤ ትርጓሜውም ደረትን መመልከቻ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ላኤኔክን ታላቅ ያሰኘው መሣሪያው ብቻ አይደለም። ድምፅን መስማት አንድ ነገር ነው፤ የድምፁን ምክንያት ማወቅ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የበሽተኞቹን ደረት በየቀኑ እያዳመጠ የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ነበረ። ከነዚያም መካከል የሞተ ሲኖር ሬሳውን መርምሮ፣ ሳንባው ምን ሆኖ እንደ ነበረ ከጻፈው ጋራ ያስተያይ ነበረ። በሳንባ ምች የተያዘ ሳንባ በጋለ ብረት ላይ እንደሚንጣጣ ጨው ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ፣ ደረቱ ውኃ የቋጠረ ሰው ሲናገርም ድምፁ እንደ ፍየል ድምፅ እየተንቀጠቀጠ እንደሚሰማ ገለጸ። ይህን ሁሉ በ1819 ዓ.ም. በሁለት ክፍል መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በሰውነት በየስፍራው የሚታየው የነቀርሳ እብጠት ሁሉ የአንድ በሽታ ልዩ ልዩ መልክ መሆኑንም አስተማረ።

ነገር ግን ሊቅም ቢሆን ይሳሳታል። ላኤኔክ የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አልመሰለውም ነበር። ስለዚህ ብዙ ዓመት ሳይጠነቀቅ ከበሽተኞችና ከሬሳ ጋራ ሠራ። በ1822 ዓ.ም. በኮሌዥ ደ ፍራንስ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ በ1826 ዓ.ም. ግን ሳልና ትኩሳት ጸናበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የሌሎችን ደረት ያዳመጠው ሰው የራሱን እንዲያዳምጥለት ዘመዱን ሜሪያዴክን ጠየቀው። ወጣቱም ሐኪም አዳምጦ የሰማውን ነገረው፤ ላኤኔክም የድምፁን ትርጉም ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበርና መሞቱን ተረዳ። ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ብሪታኝ ተመልሶ በዚያው ዓመት፣ በኦገስት 13 ቀን፣ በ45 ዓመቱ ዐረፈ። ማዳመጫውንም ለዚሁ ዘመዱ አወረሰው።

ላኤኔክ በሽታውን ለይቶ ማወቅ እንጂ ማዳን አልተቻለውም። ነገር ግን እርሱ ካቆመበት ሌሎች ቀጠሉ። በ1882 ዓ.ም. የጀርመኑ ሊቅ ሮበርት ኮህ የነቀርሳን ተውሳክ አገኘ፤ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ። ዛሬ በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ገና ባይጠፋም፣ ቶሎ ተመርምሮ መድኃኒቱን ለወራት ሳያቋርጥ የሚወስድ በሽተኛ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። ጥቅል ወረቀት በማንኛውም ተማሪ እጅ ይገኛል፤ ላኤኔክን ከሌላው የለየው ግን የሰማውን መጻፉ፣ የጻፈውንም እውነት መሆኑን ሳይሰለች መመርመሩ ነው። ሳል ያልለቀቀው ወንድም ወይም እናት በቤታችን ቢኖር፣ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ደረቱን እንዲያስመረምር መምከር ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ነው።