ዲትሪሽ ቦንሆፈር፡ ፍርሃታቸውን አምነው ድፍረትን የተማሩት ጀርመናዊ ፓስተር

እአአ ኖቬምበር 28/1943፣ እሑድ ጠዋት። በበርሊኑ ቴግል እስር ቤት አንድ እስረኛ ከለምለም ቅርንጫፍ የተሠራ አክሊል ግድግዳው ላይ ባለ ሚስማር ሰቀሉ። በመሃሉም የክርስቶስን ልደት የሚያሳይ ሥዕል አኖሩ። በዚያው ጠዋት ብቻቸውን የእሑድ ጸሎታቸውን አደረሱ።

በዚያ ሰሞን በርሊን በተከታታይ የአየር ድብደባ ስትናወጥ ሰንብታለች። እስረኛው ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ኑዛዜያቸውን ጽፈዋል።

ዕለቱ የአድቨንት የመጀመሪያው እሑድ ነበር። አድቨንት በምዕራቡ ዓለም ክርስቲያኖች ዘንድ ከዲሴምበር 25 በፊት ያሉትን አራት እሑዶች የሚያካትት፣ ልደትን የመጠባበቂያ ወቅት ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ከገና በፊት ከሚጾመው ጾመ ነቢያት ጋር የሚቀራረብ መንፈስ አለው።

እስረኛው ዲትሪሽ ቦንሆፈር ይባላሉ። ዛሬ የሚታወቁት ናዚዎችን በድፍረት በመቃወማቸው ነው። የሕይወት ታሪካቸው ግን ይህ ድፍረት አብሯቸው የተወለደ እንዳልነበር ያሳያል።

ያልተፈጸመው ቀብር

ቦንሆፈር የተወለዱት በ1906 በብሬስላው፣ በአሁኗ የፖላንድ ከተማ ቭሮስዋፍ ነው። አባታቸው ታዋቂ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። ስምንት ልጆች ባሉት ቤተሰብ ውስጥ ዲትሪሽና ሳቢነ መንትዮች ነበሩ።

በ21 ዓመታቸው በነገረ መለኮት የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ከ1930 እስከ 1931 በኒው ዮርክ ሲማሩ፣ በሃርለም በሚገኘው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ያመልኩና ልጆችን ያስተምሩ ነበር። ስሙን ከኢትዮጵያ የቀድሞ መጠሪያ የወሰደው ይህ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን፣ ወንጌልን ከተገፉ ሰዎች ጎን ቆመው እንዲያነቡ አድርጓቸዋል።

ሂትለር በጃንዋሪ 1933 ሥልጣን ያዙ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል የሳቢነ ባለቤት አባት አረፉ። ሟቹ ያልተጠመቁ አይሁዳዊ ነበሩ። ቤተሰቡ የቀብሩን ሥነ ሥርዓት እንዲመሩ ሲጠይቃቸው፣ ቦንሆፈር የበላይ አለቃቸውን አማክረው እንደማይችሉ መለሱ።

ይህ ውሳኔ ሕሊናቸውን ሲቆጠቁጠው ከረመ። በኖቬምበር 1933 ለእህታቸውና ለባለቤቷ ደብዳቤ ጽፈው መፍራታቸውን አመኑ፤ ይቅርታም ለመኑ።

የማዕድን ቆፋሪው ምሳሌ

ቦንሆፈር በዚህ ጊዜ በለንደን የጀርመን ምዕመናንን ያገለግሉ ነበር። ከይቅርታው ደብዳቤ ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በአድቨንት የመጀመሪያ እሑድ ሰበኩ። መሬት ተደርምሶበት በጨለማ የታፈነ ማዕድን ቆፋሪን በምሳሌነት አነሱ። ሰውየው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ከሩቅ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁም እየቀረበ ይመጣል። በራሱ ኃይል መውጣት ባይችልም፣ የሚያድነው እየመጣ መሆኑን ያወቀ ሰው ቀና ይላል።

ለእሳቸው መጠበቅ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አልነበረም። ፍርሃትን ሳይክዱ፣ በፍርሃት አለመገዛትን መለማመድ ነበር።

በ1935 በፊንከንቫልደ የካህናት ማሠልጠኛ ሲመሩ፣ ተማሪዎቻቸው በየዕለቱ አጭር የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ይዘው በጽሞና እንዲያሰላስሉ ያደርጉ ነበር። የናዚ ምሥጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ማሠልጠኛውን በ1937 ዘጋው።

በጁን 1939 ጦርነቱ ሲቃረብ ወዳጆቻቸው ወደ ኒው ዮርክ አሻገሯቸው። ቦንሆፈር ግን የሕዝባቸውን መከራ ካልተካፈሉ ከጦርነቱ በኋላ አገራቸውን መልሶ ለመገንባት መብት እንደማይኖራቸው አሰቡ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በጀርመን ወታደራዊ የስለላ ድርጅት ሽፋን ሂትለርን ለማስወገድ ከሚያሴሩ ሰዎች ጋር ተባበሩ። ከአይሁዳውያን ወገን የሆኑ ሰዎች ወደ ስዊዘርላንድ እንዲያመልጡ በተደረገው ጥረትም ተሳተፉ። ኤፕሪል 5/1943 ታሠሩ።

ከውጭ ብቻ የሚከፈት በር

ከቴግል በጻፉት ደብዳቤ የእስር ቤትን ሕይወት ከአድቨንት ጋር አመሳሰሉት። እስረኛ ተስፋ ያደርጋል፣ ይሠራል፣ በሩ ግን የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው።

በሚጠብቁበት ጊዜ ግን ሥራ አልፈቱም። በአየር ድብደባ የተጎዱ እስረኞችን ይረዱ ነበር። ለ1943 ገናም አብረዋቸው ለታሠሩት የሚሆኑ ጸሎቶችን ጻፉ።

በ1944 በጻፉት ግጥም፣ ሌሎች እንደሚያዩዋቸው የተረጋጉ ሰው ናቸው ወይስ በውስጣቸው የሚንቀጠቀጡ ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ጥያቄውን ለመመለስ አልሞከሩም፤ ራሳቸውን ለፈጣሪያቸው አስረከቡ።

በዚያው ዓመት መጸው ከአንድ ጠባቂ ጋር ለማምለጥ የተዘጋጀ ዕቅድ ነበር። ወንድማቸው ክላውስ ሲታሠሩ፣ ቤተሰባቸው የባሰ አደጋ እንዳይደርስበት ሲሉ ዕቅዱን ተዉት። በኦክቶበር ወደ ጌስታፖ ምድር ቤት ተዛወሩ። በዲሴምበር ከዚያ ለእጮኛቸው ማሪያ የላኩት ግጥም ዛሬም በጀርመን አብያተ ክርስቲያናት ይዘመራል።

ኤፕሪል 9/1945 በፍሎሰንቡርግ የማጎሪያ ካምፕ በስቅላት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 39 ነበር። የአሜሪካ ጦር ካምፑን ነፃ ያወጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ክላውስና ሁለት የእህቶቻቸው ባሎችም በዚያው ወር ተገድለዋል።

በአፍሪካ የተሰማው ማስተጋባት

በለንደኑ ዌስትሚንስተር አቢ በ1998 የ10 የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰማዕታት ሐውልቶች ሲመረቁ፣ ቦንሆፈር በኢዲ አሚን ዘመን በ1977 ከተገደሉት ኡጋንዳዊ ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም ጋር አብረው ቆመዋል።

በኢትዮጵያም የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን በቦንሆፈር ስም የሚጠሯቸው አሉ። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቢቀርብላቸውም ምዕመናቸውን ጥለው ለመሄድ አልፈቀዱም። በጁላይ 1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተወስደው ተገደሉ።

በ1933 አንድ ቀብር ለመምራት የፈሩት ፓስተር፣ ከዓመታት በኋላ የማምለጫ በር ሲከፈትላቸው ለሌሎች ሲሉ ትተውታል። በሁለቱ መካከል ያለፉት 11 ዓመታት ድፍረትን የተማሩባቸው ነበሩ።