የሰርጓጅ መርከብ አዳኙ ካፒቴን ዎከር

እኛ በአብነት ያደግን ተማሪዎች ወደ መርካቶ የሚገባውን ጭነት ዕለት ዕለት ስለምናይ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ለሕዝብ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። በ2ኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የጭነት መርከቦችን እያሰጠሙ የእንግሊዝን ሕዝብ ሊያስርቡ ተነሥተው ነበር። የጭነት መርከቦቹን አጅበው ከተዋጉት መኰንኖች አንዱ ካፒቴን ፍሬድሪክ ጆን ዎከር ናቸው።

ዎከር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1896 በፕሊመዝ ተወለዱ። ሰርጓጅን የመዋጋት ጥበብ አስቀድመው ቢማሩም፣ ከጦርነቱ በፊት የማዕረግ ዕድገት ታልፈው ነበር። በ1941 መጨረሻ ግን ከጂብራልታር የተነሡ የጭነት መርከቦችን ሲያጅቡ ችሎታቸው ታወቀ።

አጃቢ መርከብ በፍጥነት ሲቀርብ ሰርጓጁ ድምፁን ሰምቶ ያመልጣል። ስለዚህ ዎከር አንዱ መርከብ ከሩቅ ሆኖ ሰርጓጁን በድምፅ መሣሪያ እንዲከታተል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ከላዩ ደርሶ ፈንጂ እንዲጥል አደረጉ።

በ1943 ልጃቸው በእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ሲያገለግል ከነመርከቡ ጠፋ። ከባሕር በታች የሚያልቀው የሰው ልጅ መሆኑን ከእኒህ አባት የበለጠ ማን ያውቃል? ሆኖም ሥራቸውን አልተዉም፤ በ1944 መጀመሪያ መርከቦቻቸው በአንድ ዘመቻ 6 ሰርጓጆች አሰጠሙ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በሥራ ብዛት ደክመው በ48 ዓመታቸው ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም በሊቨርፑል አጠገብ በባሕር ተቀበረ።

እኛም በመርካቶ ጭነት ሲራገፍ ባየን ቍጥር፣ የባሕሩን መንገድ ለመጠበቅ ሕይወታቸውን የሰጡትን እናስብ።