ሳም ኩክ፦ ከድምፃዊነት ወደ ሸክላ አሳታሚነት

የሪዝም ኤንድ ብሉዝ ዘፋኙ የሳም ኩክ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ለስላሳ ድምፁን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናወሳው የፈለግነው ግን በድካሙ ፍሬ ላይ ባለመብት ለመሆን ያደረገውን ትግል ነው። ለእኛ ለመሐንዲሶችም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም፤ ንድፍ የሠራ ሁሉ የንድፉ ባለቤት አይሆንምና። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩክ በ1931 በሚሲሲፒ ግዛት በክላርክስዴል ከሰባኪ አባት ተወልዶ በቺካጎ አደገ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ሶል ስቲረርስ በተባለው ዝነኛ የመዝሙር ጓድ ውስጥ መሪ ድምፃዊ ሆነ። የጓዱን ሸክላዎች የሚያሳትመው የአርት ሩፕ ኩባንያ ስፔሻልቲ ነበር። በዚያ ዘመን በጥቁር አሜሪካውያን ምእመናን ዘንድ ዘማሪ ወደ ዓለማዊ ዘፈን ሲዞር እንደ ክህደት ይታይ ስለ ነበር፣ ኩክ የመጀመሪያውን ዓለማዊ ሸክላ ያወጣው ዴል ኩክ በሚል ስም ነው። ድምፁን ግን ማን ይስተዋል?

በ1957 «ዩ ሴንድ ሚ» የተባለውን ዘፈን ሲያስቀርጽ፣ ሩፕ የነጮች አጃቢ ድምፅ መግባቱን አልወደደውም። በመጨረሻም ኩክንና የቀረጻውን መሪ ቦምፕስ ብላክዌልን አሰናበተ፤ ብላክዌልም ወደፊት የሚያገኘውን ክፍያ ትቶ የተቀረጸውን ክር ይዞ ወጣ። ኪን የተባለ አዲስ ኩባንያ ያወጣው ይኸው ዘፈን በአሜሪካ አንደኛ ሆነ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይም ተሸጠ።

እዚህ ላይ የሸክላ ንግድን ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1909 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ለአንድ ዘፈን በእያንዳንዱ ሸክላ የሚከፈለው 2 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ ይህም በልማድ ለደራሲውና ለዘፈኑ አሳታሚ እኩል ይከፈላል። የድምፃዊው ድርሻ ግን በውል የሚወሰን ሲሆን የቀረጻው ወጪ አስቀድሞ ይቀነስበታል። ስለዚህ ሸክላው በብዛት የተሸጠለት ዘፋኝ ባለ ዕዳ ሆኖ ሊገኝ ይችል ነበር። ኩክ ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስላል፤ የአሳታሚነቱ ድርሻ ለሩፕ እንዳይሄድ ሲል የዘፈኑን ደራሲነት በወንድሙ በኤል ሲ ስም አስመዘገበ።

ብልሃት ግን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ከጄ ደብልዩ አሌክሳንደር ጋር ካግስ በተባለው የዘፈን አሳታሚ ድርጅት ሸሪክ ሆነ፤ በ1959ም ኤስ ኤ አር የተባለውን የሸክላ ኩባንያ አቋቋሙ። ስሙ ከሳም፣ ከአሌክስና የሶል ስቲረርስ መሪ ከነበረው ከሮይ ክሬን የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። ኩክ ለራሱ የሚዘፍነው ለትልቁ ለአርሲኤ ኩባንያ ሆኖ ሳለ፣ በራሱ ኩባንያ ግን የሌሎችን ድምፅ ያቀና ነበር። ከቀረጻ ክፍሉ በተረፉት ክሮች ላይ ዘፋኞቹን ሲያስቆም፣ ሲያርምና እንደገና ሲያስጀምር ይሰማል።

ከክሊቭላንድ የመጡትን አምስቱን የዎማክ ወንድማማቾች በመጀመሪያ መዝሙር አስቀረጻቸው። ቀጥሎም የአንዱን መዝሙር ዜማ በዓለማዊ ግጥም አስለውጦ በ1962 ቫለንቲኖስ በሚል ስም አወጣው፤ «ሉኪን ፎር ኤ ላቭ» ይባላል። ሃይማኖተኛው አባታቸው በዚህ ተቆጥቶ ልጆቹን ከቤት አስወጣቸው። ኩክም ወደ ካሊፎርኒያ የሚመጡበት መኪና መግዣ ገንዘብ ላከላቸው። በ1964 «ኢትስ ኦል ኦቨር ናው» የተባለውን ዘፈናቸውን የእንግሊዞቹ ሮሊንግ ስቶንስ ወዲያው ደግመው ዘፍነው በአገራቸው አንደኛ ወጡበት። ከደራሲዎቹ አንዱ የነበረው ወጣቱ ቦቢ ዎማክ ዘፈኑን እንደ ተነጠቀ ቆጥሮ ተናደደ፤ ንዴቱ የበረደው የደራሲነት ክፍያው ቼክ ሲደርሰው ነበር። የኩክ ትምህርት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

በ1963 አለን ክላይን የተባለ የሒሳብ ባለሙያ የአርሲኤን መዝገብ መርምሮ ለኩክ የተሻለ ውል አስገኘለት። አዲሱ ውል የተፈጸመው በኩክ ልጅ ስም ትሬሲ ተብሎ በተሰየመ ኩባንያ በኩል ነው። የኩባንያው ሕጋዊ ባለቤት ግን ክላይን ነበር፤ ውልን በጥንቃቄ ያነብብ ለነበረ ሰው የሚያስገርም ነገር ነው።

ኩክ ታኅሣሥ 11 ቀን 1964 በሎስ አንጀለስ በአንድ ሞቴል ውስጥ በሥራ አስኪያጇ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ዕድሜው 33 ነበር። የአስከሬን ምርመራ ችሎት ግድያውን ራስን መከላከል ነው ቢለውም ቤተሰቡ አልተቀበለውም። ኤስ ኤ አር ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ፤ የዘፈኖቹም መብት ወደ ክላይን ኩባንያ ወደ አብኮ ተላለፈ። ኩክ ዘፋኞቹን ሲያርም የሚሰማባቸው እነዚያ የቀረጻ ክሮች በ1994 ለሕዝብ ሲቀርቡ ያሳተማቸው ይኸው አብኮ ነበር።